ከጉና በረዶ ጋር ያመጣሁት ትኩሳት

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እኔን የሚመለከት ግን አይመስለኝም ነበር። በሽታዬን መቼ ሸሸግኩ? ሲያተኩሰኝ አቃስቻለሁ፣ ሲያንቀጠቅጠኝ የአልጋዬን መንቋቋት ጎረቤት ሰምቷል፣ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፣ የታዘዘልኝን ኪኒን አንድ ሳላስቀር ውጫለሁ። የሸሸግኩት የሄድኩበትን መንገድ ነው። የዚያን ዝምታ ዋጋ የከፈልኩት ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ያ ዘመንም አልፏል። ሐኪም «ሰሞኑን የት ነበርክ?» ሲለው ዓይኑን ወደ ጣሪያ የሚልክ አንድ ሰው ይህን አንብቦ እውነቱን ከተናገረ ይበቃኛል።

የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ መካኒክነት ነው። በደርግ ጊዜ፣ ቀይ ሽብሩ ካለፈ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ተዛውሬ ሹም አቦ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። እዚያው እናኑን አገባሁ። እናኑ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትቆጣ ድምፅዋ የሚቀንስ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ አስወርዷታል። ያን ዓመት ለፋሲካ ግን ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እናቷ እማሆይ ጥሩነሽ ውኃ እንዳትቀዳ ስለከለከሏት እኔ ባልዲ ተሸክሜ ከቦኖ ስመለስ የሰፈሩ ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ እኔ ደስ ብሎኛል። ሆዷ ላይ እጄን አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ሲራገጥ «ያንተ ልጅ አይደል፣ ዕረፍት አያውቅም» ትለኛለች።

ዕረፍት አለማወቄ እውነት ነው። የጋራዡ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አየነው የሚባል የልብ ጓደኛዬ ነበር፤ ትውልዱ ከጉና ተራራ ሥር ነው። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ቆርቆሮ ሥር መሥራት ማለት ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። አንድ ቀን ሸሚዜን አውልቄ ሙቀቱን ስራገም «ይኼኔ እኛ አገር ብትሆን በረዶ ትረግጥ ነበር» አለኝ።

«የምን በረዶ? በዚህ ፀሐይ?»

«በልግ ሲጥል የጉና ራስ ይነጣል። በረዶው ሣሩ ላይ ተኝቶ ያድራል። ጧት ስትረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።»

«አየነው፣ እናንተ ስታወሩ ልክ የላችሁም» አልኩት። እኔ በረዶ የማውቀው ሆቴል ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።

«በል ተነሥና በዓይንህ እይ!» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ልጅ ሊወለድለት ሦስት ወር የቀረው ሰው እልህ ተጋብቶ ተራራ ይወጣል? እኔ ወጣሁ።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀታችን ላይ የተጻፈው «ደብረ ታቦር፣ ዘመድ ጥየቃ» የሚል ነው። ጉና እሄዳለሁ የሚል ሰው «እዚያ ማንን ልታገኝ ነው?» ይባላል፤ ጫካ የገቡ ሰዎች በዚያ በኩል ይታያሉ እየተባለ ይወራ ነበርና። ለእናኑም ደብረ ታቦር ነው ያልኳት። ትጨነቃለች ብዬ ነው። ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ያ ነበር።

የፋሲካ ማግስት በአውቶብስ ደብረ ታቦር ገባን። በነጋታው በጭነት መኪና ክምር ድንጋይ ደርሰን ከአየነው ዘመዶች ቤት አደርንና ጎሕ ሳይቀድ መውጣት ጀመርን። መጀመሪያ የገብስ ማሳ ነው፤ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ጓሳ ሣር ብቻ ሆኖ በመካከሉ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጅብራዎች እዚህም እዚያም ቆመዋል። ትንፋሼ እያጠረ ሄደ። የመኪና ሞተር ታቅፌ የማነሣው ሰውዬ አሥር እርምጃ ሄጄ አርፋለሁ። አየነው ከፊቴ እያፏጨ ይወጣል።

«ናዝሬት! ፍሬን ይዘሃል እንዴ?»

ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠቆረና ወረደብን። በረዶው ሽምብራ ያክላል፤ ጆሮዬን፣ እጄን፣ ማጅራቴን ገረፈኝ። ድንጋይ ሥር ተወትፈን አሳለፍነው። ሲያባራ ቀና ስል ተራራው ሁሉ ነጭ ሆኗል።

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በእጄ አፈስኩት፣ ቀመስኩት፣ ጨብጬ ጨብጬ አየነውን ማጅራቱ ላይ አልኩት። ወደ ጫፉ ድንጋያማ ስለነበር በእጅና በእግር እየተንጠላጠልን ነው የወጣነው፤ የጋራዥ ጫማዬ አንሸራቶኝ ሁለት ጊዜ በደረቴ ወርጃለሁ። ጫፍ ነው ያልነው ላይ ስንደርስ ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ነጭ ጫፍ ፊታችን ቆሞ አገኘነው። መመለስ ነበረብን፤ ሰዓቱ ሄዷል። «ይኸማ አይቀርም» ተባብለን እሱንም ወጣን። ከዚያ ላይ አየነው በምዕራብ በኩል፣ ከደመናው ሥር፣ አንድ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር አሳየኝ። ጣና ነው አለኝ። እናኑ ያ ውኃ ዳር ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች ብዬ አሰብኩና አብራኝ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

ስንወርድ ጉም ዋጠን። መንገዱ ጠፋብን። እስከ ማምሻው ዞርን፤ ልብሳችን እንደራሰ ነው፣ ጣቶቼ አልታዘዝም አሉኝ፣ ከዚያ ደግሞ የማላውቀው ደስ የሚል እንቅልፍ ይጎትተኝ ጀመር። አየነው በጥፊ እየመታ ሲጎትተኝ የውሻ ጩኸት ሰማን። አያ ምስጋናው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከደጃቸው ወጥተው «እናንተ ማን ናችሁ?» አሉ። አየነው የአባቱን ስም ሲነግራቸው «ግቡ! ግቡ! ምን ትቆማላችሁ፣ ብርዱ ሊፈጃችሁ ነው» አሉን።

ያ ቤት ባይኖር እዚያው ደርቄ ቀርቼ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጽፈው እነዚያን ሰዎች እንዳያሳጣብኝ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሚስታቸው እግሬን በእጃቸው እያሹ አሞቁልኝ፤ ትኩስ የገብስ አጥሚት አጠጡን። እርጥቡን ልብሳችንን አስወልቀው የራሳቸውን አለበሱን። በአንድ ጥግ ምራታቸው «ብርድ መትቷት» ተኝታ ነበር፤ ለእሷ ከተነጠፈው አጎዛ አንዱን አንሥተው ለእኛ አነጠፉልን። ከሱፍ የተሠራ ወፍራም በርኖስ ደርበውልን አየነውና እኔ እንደ ሕፃን ተቃቅፈን አደርን።

ጧት የደረቀውን ልብሴን መልሼ ስለብስ ወገቤን አሳከከኝ። ቀበቶዬ ሥር አየሁና ቅማል መሆኑን አወቅኩ። ምንም አላልኩም። ሰው ከሞት አፍ አውጥቶ አሳድሮኝ ደጁ ላይ ልብሴን ልፈትሽ? ነውር ነው። ስንሰናበት ሹራቤን አውልቄ ለአያ ምስጋናው ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም በርኖሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እምቢ ብል እንደሚቀየሙ ከፊታቸው ያስታውቃል። ቁልቁል ስንወርድ አየነውና እኔ «ከደብረ ታቦር አላለፍንም» ብለን ተማማልን። ስለ ቅማሉ ግን እሱም ምንም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ።

ቤት እንደደረስኩ ልብሴን ራሴ አጠብኩት፤ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና። እናኑ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብላ ሳቀችብኝ። በርኖሱን ደብረ ታቦር ገበያ ገዛሁት ብዬ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና አልጋችን ላይ አነጠፍኩት።

በሳምንቱ ነው የጀመረኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መፍቻው ከእጄ ወደቀ፤ በዚያ ሙቀት ጥርሴ ተንገጫገጨ። ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም፣ የጡንቻ ቁርጥማት፣ ከዚያ እንደ እሳት ትኩሳት። ቤት ሲያመጡኝ እናኑ በርኖሱን ደረበችልኝ፤ ሲያንቀጠቅጠኝም እላዬ ላይ ተኝታ ያዘችኝ። ጎረቤት «ብርድ ነው» ብላ ነጭ ሽንኩርት ከፌጦ ጋር አመጣች። በማግስቱ ተደግፌ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በእኛ ከተማ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ቢንቢውም ሞልቷል፤ ያተኮሰው ሰው ሁሉ ወባ ነው። ዋርካ ሥር ከተሰለፈው ሰው ግማሹ እንደ እኔ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ደም ለማስመርመር የነበረው ሰልፍ እስከ አጥሩ ይደርስ ስለነበር ያየኝ ወጣት ጤና ረዳት ክሎሮኪን አዘዘልኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አዝዝ ነበር።

«ከከተማ ወጥተህ ነበር?» ብሎ ጠይቆኛል።

«የትም አልሄድኩም» አልኩት።

ክሎሮኪን የዋጠ ያውቀዋል፤ ገላን ያሳክካል። ስታከክ የሚያየኝ ሁሉ «መድኃኒቱ ነው» ይለኛል። እኔም ደስ እያለኝ «አዎ፣ መድኃኒቱ ነው» እላለሁ።

በስድስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆንኩና ትኩሳቱ እንደ ተነቀለ ጥርስ ለቀቀኝ። እማሆይ ጥሩነሽ በየማለዳው ጠበል ያመጡልኝ ስለነበር እንዳዳነኝ ተናገሩ፤ ጎረቤታችን በሽንኩርቷ ኮራች፤ እኔ ኪኒኑን አመሰገንኩ። ሁላችንም ተሳስተን ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ ሰው ሆንኩ። ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር እየተቀመጥኩ ታንኳዎች ደንገል ጭነው ሲገቡ አያለሁ፤ መትረፌን አስባለሁ። እናኑ ጎኔ ተቀምጣ ስለ ስም እናወራ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ተመለሰብኝ፤ ያውም ብሶበት። አፍንጫዬ ነሠረ፤ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው፣ ሐኪም አያውቀውም፣ ባህላዊ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው እናምጣ» ያሉ ነበሩ። እናኑ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጉበቱን ሊያፈርሱት ነው? አይሆንም» አለችና ራሷ ደግፋኝ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። በዚያ ሆዷ እኔን ተሸክማ ስትሄድ መንገደኛው ዞር ብሎ ያየን ነበር።

እዚያ አቶ ደሴ የሚባሉ አንጋፋ ድሬሰር ነበሩ። ዓይኔን ገልብጠው አዩ፣ ጣፊያዬን ዳሰሱ፣ ደሜን አስመረመሩ። የወባ ተውሳክ አልተገኘም። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

«ልጄ፣ ይህን ወር የት የት ነበርህ? የት አደርህ?»

ከመጋረጃው ወዲያ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው የቀበሌያችን ጥበቃ ነው። ደግሞ እናኑ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ከደብረ ታቦር አላለፍኩም» አልኩ። አቶ ደሴ ብዕራቸውን ከካርዱ ላይ አነሡ። ያወቁብኝ ይመስለኛል። «እስኪ ነገ ተመልሰህ ና፤ አስቤበት እቆያለሁ» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ እናኑ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ «በረደኝ» አለች። እጇን ስይዘው ይፋጃል። ያን ሌሊት ምን ያህል እንደፈራሁ መግለጽ አልችልም። ወባ ከሆነ አብሮን ያለ ነገር ነው፣ ምናልባት እሷም ተነድፋ ይሆናል እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ እጄ ግን ሸሚዟን ገልጦ ስፌቱን ያይ ነበር። አገኘሁት።

ሲነጋ ግድግዳ እየያዝኩ አየነው ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ፊቱን ይታጠባል፤ ጤነኛ ነው። ቅማሉን፣ የእናኑን ትኩሳት ነገርኩት። ፎጣው እጁ ላይ ቀረ።

«እኔማ እንደገባሁ፣ ያኑለቱን ማታ፣ ልብሴን ሁሉ ቀቀልሁት» አለ።

«አውቀህ ነበር?»

«ተወልጄ ያደግሁበት አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መሬት መሬት አየ። «አፈርሁ። የናዝሬት ልጅ ነህ፤ አገሬን ትንቅብኛለህ ብዬ አፈርሁ። ስትታመም ደግሞ ወባ ነው አሉ፣ እኔም ወባ ይሁንልኝ አልሁ።»

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር። ወዲያው አጠፍኩት። እሱ ለአገሩ ብሎ አፈረ፣ እኔ ለራሴ ብዬ አፈርኩ፤ እኔ በምን እበልጠዋለሁ? አቶ ደሴ ዘንድ ሄጄ ጉናን ልናገር እንደሆነ፣ መሐላችንን እንደማፈርስ ነገርኩት። «ብቻህን አትሄድም። የመራሁህ እኔ ነኝ፣ ብንጠየቅም አብረን ነው» አለና እናኑን በጋሪ አድርገን ሦስታችንም ሄድን።

እናኑን ደጅ አስቀምጠን፣ አየነውና እኔ አቶ ደሴን ለብቻቸው አግኝተን ሁሉንም ነገርናቸው፤ ተራራውን፣ ቤቱን፣ አጎዛውን፣ የታመመችውን ምራት፣ በርኖሱን። ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡም። «ይኼን በሽታ ወታደር ቤት ሳለሁ ከጦር ሰፈርና ከእስር ቤት ነው የማውቀው። አገርሺ ትኩሳት ይሉታል፤ ቅማል ነው የሚያስተላልፈው። ለቀቀኝ ስትል ተመልሶ ይመጣል» አሉ። ከዚያ የእናኑን ደም ይዘው ራሳቸው ወደ ማይክሮስኮፑ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል። እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለ ቀጭን ተውሳክ እየተርገበገበ አይተዋል።

«እንዴት ከእኔ ወደ እሷ ሄደ? ልብሴን እኮ አጥቤያለሁ» አልኳቸው።

«ቅማል ቀዝቃዛ ውኃ አይገድለውም፣ ይቀቀላል እንጂ። ደግሞ የሚያተኩስ ገላ አይወድም። አንተን ሲያተኩስህ አጠገብህ የተኛውን ደህና ሰው ፍለጋ ሄደ።»

እላዬ ላይ ተኝታ የያዘችኝን አስታወስኩ። አቶ ደሴ ካርዴን ወደ ራሳቸው ሳቡና «የሄደበት ቦታ» በሚለው ላይ «ደብረ ታቦር» ብለው ጻፉ። «ለእኔ እውነቱን መስማት ይበቃኛል። ወረቀቱ ሌላ ነው» አሉ። እስከ ዛሬ ለነፍሳቸው እጸልያለሁ።

እኔን እዚያው መርፌ ወጉኝ። እናኑን ግን በእርግዝናዋ ምክንያት ሆስፒታል ላኳት። መድኃኒቱ ተውሳኩን በአንድ ጊዜ ሲገድለው ገላ ይረበሻል፤ ለጥቂት ሰዓት ከበሽታው የባሰ መንቀጥቀጥ ይመጣል። እኔ አልፌበታለሁ፤ ለደካማ ሰው አስፈሪ ነው። ሐኪሙ ይህን ለሁለታችንም አስረዳን። ካልተወጋች እሷም ጽንሱም ያሰጋሉ፤ ከተወጋችም ለጽንሱ ቃል መግባት አይቻልም። «ተማከሩ» ብሎን ወጣ።

እናኑ ትራሷን ተደግፋ ታየኛለች። «ንገረኝ» አለች። «ሐኪሙ የማያውቀውን፣ አየነው የሚያውቀውን።»

ነገርኳት። ከነጩ ተራራ ላይ ጣናን ማየቴን ሳይቀር ነገርኳት።

«ቅማሉን መቼ አወቅህ?»

«እዚያው። ጧት።»

«እዚያው ጧት» አለች በጣም ቀስ ብላ። «ምን ትለኛለች ብለህ ነው? ቅማል የማላውቅ መስሎህ ነው? በርሜሉን እሳት ላይ እጥደው ነበር። የአንድ ረፋድ ሥራ ነበር እኮ።»

ከሆነብን ነገር ሁሉ ያቺ «የአንድ ረፋድ ሥራ» ያለቻት ናት ከእኔ ጋር የቀረችው። አለቀስኩ። አላባበለችኝም፣ ግን እጄን አልለቀቀችም። «ይውጉኝ» አለች።

መንቀጥቀጡ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ያህል ያዝኳት። ከንፈሯን ነክሳ ማርያምን ትጠራለች። እማሆይ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ከዚያ ላበች፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ «ራበኝ» ስትል የክፍሉ አስታማሚዎች ሁሉ እልል አሉ። ጎኗ የነበረች የማታውቃት ሴት ለራሷ የመጣላትን ሾርባ ግማሹን ሰጠቻት። ሁለት ቀን ተስፋ አደረግን። እጄን ሆዷ ላይ አስቀምጬ እጠብቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምጥ መጣ። ሴት ነበረች፤ ትንፋሽ አልነበራትም።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እናኑ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቤቷ ገባች። እኔም ዓይኔ ነጣ፤ ጉልበቴ ግን እስኪመለስ ሁለት ወር ፈጅቷል። አየነው ከአቶ ደሴ ኪኒን ተቀብሎ፣ አሁንም ደብረ ታቦር የሚል ወረቀት አስጽፎ፣ ወደ አያ ምስጋናው ቤት ወጣ። ምራታቸው በሕይወት ነበረች፤ አዳናት። የእኛን ቤት ልብስና በርኖሱን ደግሞ በጋራዡ በርሜል ራሱ ቀቅሎ ነበር የሄደው። ደጃችን ላይ ሲቀቅል ያዩ ሰዎች ሲጠይቁት «የዘይት እድፍ ነው» ብሏቸዋል። አሁንም ማፈር አልለቀቀንም።

እናኑ ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች ሊያጽናኗት መጡ። በታመምንበት ጊዜ ሁሉ ውኃ የቀዱልን፣ አልጋችን ላይ ተቀምጠው ያስታመሙን እነሱ ናቸው። «ዛፉ ይኑር እንጂ ፍሬው አይጠፋም» ይላሉ፤ «እንኳን አንቺን አተረፈ» ይላሉ። መሐላቸው የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ አስካለ ትንሿን ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር።

«ይኼ ወባ እኮ ስንቱን ጨረሰ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ እየተከዙ።

«ወባ አይደለም» አለች እናኑ።

ዓይኗን ፈለግኩ። ዝም በይ ልላት ነበር። ወደ እኔ አላየችም።

«ቅማል ነው» አለች። «ባለቤቴ ጉና ወጥቶ ከሰው ቤት አደረ፤ ከዚያ ይዞት መጣ። አፍሮ ሳይነግረኝ ቀረ፤ ልጄም ሄደች። እናንተም ይኼው አልጋ ላይ ስትቀመጡ ከርማችኋል። ልብሳችሁን ስፌቱን እዩት። የልጆቻችሁን ቀቅሉት። ያተኮሰው ሰው ካለ ወባ ነው ብሎ እንዳይቀመጥ፣ አቶ ደሴ ዘንድ ይሂድ።»

አንዲት ሴት ከአልጋው ጫፍ ቀስ ብላ ተነሣች። «ጉና?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ወረቀታችን በእሳቸው ቀበሌ ማኅተም የተመታ ነው፤ ምን እንደተጻፈበት ያውቃሉ። ወደ እኔ ዞሩ። የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

ወይዘሮ አስካለ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አነሡ። ጭናቸው ላይ ያለችውን ልጅ ወደ በሩ ብርሃን አዞሯት፤ የቀሚሷን አንገትጌ ገለበጡና ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየገለጡ፣ አጎንብሰው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አዩት።

«እናኑ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ምን ያህል ሰዓት ነው የሚቀቀለው?»